ከመመሪያው ወደ ጥያቄው፦ በባንክ፣ በፋይናንስና በሪል እስቴት ምርምር የአካዳሚ ሕይወት ለሚጀምሩ

በአንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፎች ወደሚደረደሩበት መደርደሪያ የቀረበ ሰው አንድን ርእስ በተለያየ ሽፋን ደጋግሞ ያገኘዋል፤ «የኢትዮጵያ የግል ንግድ ባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች» የሚለውን። ስምንት ወይም ዐሥር ባንኮች ይመረጣሉ፤ የዐሥር ዓመት ያህል የሒሳብ ሪፖርታቸው ይሰበሰባል፤ የካፒታል መጠን፣ የተበላሸ ብድር ድርሻ፣ የዋጋ ግሽበትና የኢኮኖሚ ዕድገት በአንድ ቀመር ውስጥ ይገባሉ፤ መደምደሚያውም ካፒታል ከትርፍ ጋር «አዎንታዊና ጉልህ ግንኙነት» አለው የሚል ይሆናል። ባንኩ ያተረፈው ካፒታሉ ስላደገ ይሁን፣ ወይም ካፒታሉ ያደገው ባንኩ ስላተረፈ ይሁን፣ ጽሑፉ ተነብቦ ካለቀ በኋላም አይታወቅም።

እኔም የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በዚሁ መንገድ ስለነበረ ለተማሪዎቹ እቆረቆራለሁ። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ጥያቄው ግን ገና ከመነሻው መልስ ሊሰጥ በማይችልበት መልክ ተቀርጿል። ይህ ጽሑፍ ረዳት ምሩቅ ወይም ሌክቸረር ሆነው ሥራ ለጀመሩ፣ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ጥናት ርእስ ለሚፈልጉ፣ ምርምርንም የዕድሜ ልክ ሥራቸው ለማድረግ ላሰቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዋና ምክሬም አንድ ነው፦ ጥያቄዎን ከቀመሩ ሳይሆን ከመመሪያው ይጀምሩ።

ጥያቄን ከመመሪያ ማውጣት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣቸው መመሪያዎች በድረ ገጹ ላይ ይገኛሉ፤ የባንክ ሥራ ቁጥጥርን የሚመለከቱት «ኤስቢቢ» የሚል መለያ ፊደልና ተራ ቁጥር ይዘዋል። አንድ ቅዳሜና እሑድ መድበው በተከታታይ ያንብቧቸው። በእያንዳንዱም ላይ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ መመሪያው ማንን ይነካል፣ ማንን አይነካም ወይም በጥቂቱ ብቻ ይነካል፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይጸናል። ሦስቱም ጥርት ብለው ከተመለሱ በእጅዎ ላይ የጥናት ርእስ አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ባንኮቹ ራሳቸው ባልመረጡት ለውጥ በተለያየ መጠን ተነክተዋል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። ባንክ ለማቋቋም 500 ሚሊዮን ብር የነበረው ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል በ2013 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ተደረገ፤ ነባር ባንኮችም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። መመሪያው በወጣበት ዕለት አንዳንዱ ባንክ መጠኑ ላይ ደርሶ ወይም ተቃርቦ ነበር፤ ሌላው ገና ብዙ ይቀረው ነበር። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ባንክ «ከ5 ቢሊዮኑ ያለው ርቀት» የሚል አንድ ዓምድ ማዘጋጀት ይቻላል። ጥያቄውም «ካፒታል ትርፍን ይወስናል ወይ» ከሚለው ይልቅ «ብዙ ርቀት የቀራቸው ባንኮች፣ ጥቂት ከቀራቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከመመሪያው በኋላ ብድር መስጠታቸውን ቀነሱ ወይስ የትርፍ ድርሻ ክፍፍላቸውን?» የሚል ይሆናል። ይህ ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም ለተቆጣጣሪው፣ ለባንክ ቦርድና ለባለአክሲዮኑ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መመሪያው ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ የሰሜኑ ጦርነት አለ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተጥሎ የነበረውና በኋላ ከፍ የተደረገው ገደብ አለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ አለ። እነዚህ ክስተቶች ትንሹን ባንክ ከትልቁ በተለየ መጠን ጎድተው ወይም ጠቅመው ከሆነ፣ የካፒታል መመሪያው ውጤት መስሎ የሚታየው የእነሱ ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመመሪያው በፊት የነበሩትን ዓመታት እየነጠሉ ማሳየት፣ ሁለቱ የባንክ ቡድኖች ያኔ ተመሳሳይ አካሄድ እንደነበራቸው ማረጋገጥ፣ ሌሎቹን ክስተቶችም በስም ጠርቶ መከራከር ግዴታ ነው። በተጨማሪም ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ በሚደርሱ ባንኮች ብቻ የሚሠራ ስሌት ላይ የተለመደው የስሕተት ልኬት ውጤቱን ካለው በላይ እርግጠኛ አስመስሎ ያሳያል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀውን ዋይልድ ቡትስትራፕ የተባለ ዘዴ ስታታም ሆነ አር በተባሉት የስሌት ሶፍትዌሮች መሥራት ይቻላል፤ ገምጋሚ ሳይጠይቅዎ ይሥሩት።

ሌላው የታወቀ ምሳሌ የ27 በመቶው የቦንድ ግዢ ነው። ከሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲያውሉ ታዘዙ፤ ወለዱ በመጀመሪያ 3 በመቶ ሲሆን ባንኮቹ ለቆጣቢ ይከፍሉት የነበረው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ ነበር። ግዴታው የተነሣው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት ባንኮች በዚህ መመሪያ ስላልተነኩ ብዙ ተማሪ የግሎቹን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ለማነጻጸር ይቸኩላል። በእኔ ግምት ይህ ንጽጽር አይጸናም። ለመንግሥት ግዙፍ ፕሮጀክቶች የሚያበድር አንድ ባንክ፣ ለአስመጪና ለነጋዴ ለሚያበድሩት ለሁሉም መለኪያ ሊሆን አይችልም። ግዴታው የተጣለው በአዲስ ብድር ላይ ስለነበረ የግል ባንኮቹን እርስ በርሳቸው፣ መመሪያው ከመውጣቱ በፊት በነበራቸው የብድር ዕድገት ፍጥነትና የብድር ዘመን እያነጻጸሩ መሥራት የተሻለ ነው።

አሁን ደግሞ ለጥናት የተመቹ ለውጦች እየበዙ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያም ወጋገን ባንክ ሆኗል። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎትም በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ ከተጀመረ በኋላ ሙሉ በሙሉ በዚህ መርሕ የሚሠሩ ባንኮች ተከፍተዋል። በእነዚህ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው የለውጡ ውጤት እስኪታይ ሳይጠብቅ የለውጡን ቀደምት ሁኔታ ዛሬ መዝግቦ ማስቀመጥ አለበት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማንም መልሶ ሊሰበስበው የማይችለው ይህንን ነውና።

የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ

የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ቀላል የመረጃ ምንጭ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ጀማሪን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የባንኮች የሒሳብ ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሆነ «የ2010 በጀት ዓመት» የሚባለው እ.ኤ.አ. 2017/18 ነው፤ የዓለም ባንክ የግሽበትና የዕድገት አኃዝ ግን በብዛት በእ.ኤ.አ. አንድ ዓመት ስም ይቀርባል። ሁለቱን ሳያስታርቁ ያጣመሩ ጽሑፎች አጋጥመውኛል፤ በእነሱ ውስጥ የግማሽ ዓመት ግሽበት ገና ካልመጣ ትርፍ ጋር ተገናኝቷል። ሁልጊዜ ሁለት የቀን ዓምድ ይያዙ፣ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በአውሮፓውያን።

ሁለተኛው የሒሳብ አያያዝ ለውጥ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ባንኮች በ2010 በጀት ዓመት ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ተሸጋግረዋል፤ ቀጥሎም ለብድር ኪሳራ መጠባበቂያ የሚያዝበት ስሌት ተለውጧል። ከዚያ በፊት መጠባበቂያ የሚያዘው ብድሩ ከተበላሸ በኋላ በተቆጣጣሪው ምደባ መሠረት ሲሆን፣ በኋላ ግን ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚገመተው ኪሳራ አስቀድሞ ይሰላል። በዚህ ዓመት ላይ በመጠባበቂያው አኃዝ የሚታየው ዝላይ የባንኩ ተበዳሪዎች ባሕርይ ስለተለወጠ የመጣ ላይሆን ይችላል። በሽግግሩ ሪፖርት ውስጥ ያለፈው ዓመት አኃዝ እንደገና ተስተካክሎ ስለሚቀርብ፣ የአንዱን ዓመት ቁጥር ከሁለት ሪፖርት ወስደው ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

ሦስተኛው ውህደት ነው። የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ፣ ቀድሞ የቤትና ቁጠባ ባንክ ይባል የነበረው፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የንግድ ባንክ አኃዝ ሳያስተካክሉ መቀጠል አይገባም።

ከታተመ ሪፖርት አልፈው የብድር ዝርዝር መረጃ ከባንክ ለማግኘት ከፈለጉ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በደብዳቤው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ይዤ የሄድኩት የትብብር ደብዳቤ «ለጥናቱ አስፈላጊው መረጃ እንዲሰጣቸው» የሚል ነበር፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ዕቅድ ክፍል፣ ከዕቅድ ወደ ሕግ ክፍል ሲዘዋወር ሁለት ወር አለፈው፤ በመጨረሻም «አስፈላጊው» የትኛው እንደሆነ ማንም ስላላወቀ ተመለሰ። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ የምፈልጋቸውን ዓምዶች በአባሪ ዘረዘርኩ፦ በኮድ የተተካ የብድር መለያ፣ ብድሩ የተሰጠበት ወርና ዓመት፣ ቅርንጫፍ፣ የኢኮኖሚ ዘርፍ፣ መጠን፣ ወለድ፣ የመያዣ ዓይነት፣ እንዲሁም ብድሩ መደበኛ ነው ወይስ 90 ቀን ያለፈው። የተበዳሪ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና ስልክ እንደማልፈልግ በግልጽ ጻፍኩ። ለሕግ ክፍሉ ሥጋት መልስ የሰጠው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነበር። የደብዳቤውን የወጪ ቁጥርና ቀን በማስታወሻዎ ይያዙ፤ ያለ እሱ መዝገብ ቤት ገብቶ መከታተል አይቻልም።

የቤትና የቦታ ዋጋ ጥናት

በሪል እስቴት ዘርፍ ያለው ክፍተት ከባንኩም የሰፋ ነው፤ በዚያው ልክ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። የውጭ አገር የቤት ዋጋ ጥናቶች በአብዛኛው ቤቱና መሬቱ አብረው የግል ንብረት መሆናቸውን መነሻ ያደርጋሉ። በኢትዮጵያ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የግለሰቡ የሆነው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ብቻ ነው። ገዢ የሚከፍለው ዋጋ ግን በአብዛኛው የአካባቢው ዋጋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በመረጃዎ ውስጥ ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ፣ ሊዝ ከሆነም ስንት ዓመትና ስንት ያልተከፈለ ሊዝ ቀርቶታል የሚለውን ካላካተቱ፣ ሁለት ጎረቤት ቤቶች ለምን በዋጋ እንደሚራራቁ ሞዴሉ ሊነግርዎ አይችልም።

የዋጋ መረጃውም ራሱ አስቸጋሪ ነው። በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከታክስ የተነሣ ብዙ ጊዜ ከተከፈለው ያንሳል፤ ደላላ የሚጠራው ዋጋ ደግሞ የሻጩ ምኞት ነው። በእኔ እምነት ለወጣት ተመራማሪ እጅግ የተመቸው፣ ነገር ግን የተዘነጋው ምንጭ በጋዜጣ የሚወጣው የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘለትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል፤ ማስታወቂያዎቹም በአዲስ ዘመን፣ በሪፖርተርና በሌሎች ጋዜጦች ለዓመታት ታትመዋል።

አንዱን ማስታወቂያ ከፊትዎ አስቀምጠው ዓምዶቹን ይመልከቱ፦ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ከተማ፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የንብረቱ ዓይነት፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ወይም «ለሁለተኛ ጊዜ» የሚል ቃል። ተበዳሪውና አስያዡ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ብድር ቤቱን ያስያዘ ሰው እዚህ ይታያል፤ በዚህ ብቻ አንድ ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። «ለሁለተኛ ጊዜ» የሚለው ቃል ደግሞ በመጀመሪያው ሐራጅ ንብረቱ እንዳልተሸጠ ስለሚጠቁም፣ በየዓመቱ ያለውን የሁለተኛ ሐራጅ ድርሻ መቁጠር የገበያውን መቀዝቀዝ ያሳያል። መነሻ ዋጋው የባንኩ ግምት እንጂ የሽያጭ ዋጋ አለመሆኑን በጽሑፍዎ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ይናገሩ። ስሞችንና የካርታ ቁጥሮችን ወደ ኮድ ከለወጡ በኋላ ዋናውን ዝርዝር ለብቻው ይቆልፉ፤ ማስታወቂያው በይፋ የወጣ ቢሆንም ቤቱን ያጣ ቤተሰብ በጥናትዎ ሠንጠረዥ ውስጥ እንደገና ሊነሣ አይገባም። የከተማ ሊዝ ጨረታ ውጤቶችንም በአዲስ ልሳን ጋዜጣ ላይ በተመሳሳይ ዘዴ መሰብሰብ ይቻላል።

የኮንዶሚኒየም ዕጣም ሊታለፍ አይገባም። ቤት የደረሰውና ያልደረሰው ሰው በዕጣ ብቻ ከተለያዩ፣ ቤት ማግኘት በገቢ፣ በሥራና በልጆች ትምህርት ላይ ያመጣው ለውጥ በንጽጽር ይለካል፤ በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥናቶችም አሉ። ሆኖም ዕጣው በእውነት ዕጣ መሆኑን ማረጋገጥ የተመራማሪው ኃላፊነት ነው፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱ ይታወሳል።

ሙያውን መገንባት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለው መሰላል ከረዳት ምሩቅ ወደ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ይወጣል። የዕድገት መስፈርቱን በወሬ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲዎ የሴኔት ሕግ ላይ ያንብቡ፤ የትኛው ጆርናል እንደሚቆጠርም ጽሑፍ ከመላክዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ ማመልከት ለሚያስብ አንድ የማሳስበው ነገር አለ። የፋይናንስ ዶክትሬት የመጀመሪያ ሁለት ዓመት በአብዛኛው ማይክሮኢኮኖሚክስና ኢኮኖሜትሪክስ ነው፤ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪያችን ያለው ሒሳብ ግን ለዚህ አይበቃም። በዩኒቨርሲቲዎ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሊኒየር አልጀብራና ሪል አናሊሲስ ቢያንስ አንድ አንድ ሴሚስተር ይከታተሉ፤ ቢቻል ውጤቱ በትራንስክሪፕት ላይ ይውጣ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በብዛት በታኅሣሥና በጥር ስለሚዘጋ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎትን መምህራን ከመስከረም ጀምሮ ያነጋግሩ፤ የማመልከቻ ክፍያ ነጻ እንዲደረግልዎም በትሕትና መጠየቅ ይቻላል።

በአህጉሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ተመሥርቶ መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ለምርምር ሐሳቦች ገንዘብና ጥብቅ ግምገማ ይሰጣል፤ የአፍሪካ የሪል እስቴት ማኅበርም ዓመታዊ ጉባኤ አለው። በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ጽሑፍን በሕዝብ ፊት ለመፈተን የተሻለው መድረክ ይመስለኛል፤ ጥያቄ የሚያነሡት ሰዎች ብዙ ጊዜ መመሪያውን ራሳቸው ያስፈጸሙ ናቸው። የውጭ ጆርናሎችን ለማንበብ ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍት ስለሆነ የመግቢያ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎ ይጠይቁ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ወዴት ይላክ? የጆርናል ኦፍ ፋይናንስና የጆርናል ኦፍ ሪል እስቴት ፋይናንስ ኤንድ ኢኮኖሚክስ ጽሑፎችን ማንበብ ለማንም ይጠቅማል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን የአፍሪካ ወይም የታዳጊ ገበያዎች ጥናት ላይ የሚያተኩር ጆርናል ይሻላል። በኢሜይል ጋብዞ በጥቂት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል» የሚልና ወዲያው ክፍያ የሚጠይቅ ጆርናል ጽሑፍዎን ያባክንብዎታል፤ አንድ ጊዜ እዚያ ከታተመ ወደ ሌላ መውሰድ አይቻልምና።

የገምጋሚ አስተያየት ሲመጣ አንዱም ሳይዘለል፣ አስተያየቱን ከላይ፣ መልስዎን ከሥር፣ የተለወጠውን ገጽ ከጎን እያስቀመጡ ይመልሱ። ግምገማው አንድ ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ያኔ ገምጋሚው የአንድ ባንክ አኃዝ ከሠንጠረዡ ወጥቶ ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ ቢጠይቅ ከየት እንደሚጀምሩ ማወቅ አለብዎት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ሪፖርት፣ ከስንተኛው ገጽ እንደተወሰደ የሚያሳይ ዓምድ፣ የስሌቱን ትእዛዝ የያዘ ፋይልና የሪፖርቶቹን ስካን በአንድ አቃፊ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስቀምጡ፤ ቅጂውንም ከቢሮው ኮምፒውተር ውጭ በሌላ ቦታ ያኑሩ።